ከናይሮቢ የበለጥንበት መስቀል

እህቴን አገር ያስለቀቃት የእኔ ወረቀት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ኑሮ ነዋ፣ ያው እንደ ሁሉም" እላለሁ። እናቴም እንደዚያው ትላለች። ኑሮ አይደለም። ሠንጠረዥ ነው። ከላይ ኢትዮጵያና ኬንያ፣ ከታች ወልቂጤና ቡታጅራ የተጻፈበት፣ በገዛ እጄ የሞላሁት ሠንጠረዥ።

ያኔ ጉብሬ አጠገብ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አስተምር ነበር። የምኖረው ወልቂጤ ተከራይቼ ነው፤ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቄ ወደ ጉብሬ፣ ከሰዓት ተጠቅጥቄ ወደ ወልቂጤ። የተወለድኩት ግን ቡታጅራ ነው፤ እናቴም እህቴም እዚያው ናቸው። ሁለቱ ከተሞች የአንድ ዞን ናቸው ይባላል እንጂ ተራራው መሃላቸው ተጋድሟል። እናቴን ለማየት አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ፣ ዞሬ ነበር የምወርደው። በዚህ ነገር ሁልጊዜ እንደተናደድኩ ነው። ሰው ጎረቤቱ ጋ ለመድረስ በሌላ ሰፈር ዞሮ ይሄዳል እንዴ?

እህቴ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ጽሑፍ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ትጠርዛለች። ባሏ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ እየደወለ ቆይቶ ጭራሽ ጠፋ። ትቶላት የሄደው አንዲት ሴት ልጅ ነው፤ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። እሷንም፣ ልጅቷንም፣ እናቴንም የምታኖረው ያቺ ክፍል ነበረች።

ክፍሏ መታመም የጀመረችው ሁሉ ነገር ኢንተርኔት ላይ መውጣት ሲጀምር ነው። የማትሪክ ውጤት በኢንተርኔት፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በኢንተርኔት፣ ዲቪ በኢንተርኔት። ሰው ይመጣና ከበሩ ሳይገባ "ኢንተርኔት አለሽ?" ይላታል። ያላት ዶንግል፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ የሞባይል ኢንተርኔት መቀበያ ነው። ዶንግሉን ከረጅም ገመድ ጋር ቀጥላ፣ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አስራ፣ በመስኮት ታወጣዋለች። "ባንዲራዬን ሰቅያለሁ፣ ግቡ!" ትላለች ለደንበኞቿ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ደንበኛው ማዶ ሄዶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል፤ ተመልሶም ገጹ ነጭ ነው። ከዚያ ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል።

የምትፈልገው በሽቦ የሚገባውን፣ ብሮድባንድ የሚሉትን የቤት መስመር ነበር። ካመለከተች ቆይታለች። በጠየቀች ቁጥር መልሱ "ፖርት የለም" ነው። በየሰፈሩ የቆመ የመስመር ሳጥን አለ፤ ፖርት ማለት እያንዳንዱ ደንበኛ እዚያ ውስጥ የሚሰካበት ቦታ ነው። ቦታው ከሞላ ሌላ ሳጥን እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እህቴ የራሷን ቁርጥ ቀን ያወጣችው በዚያ ክረምት ነው።

"እስከ ጥምቀት እጠብቃለሁ" አለችኝ። "መስመሩ ከገባ ገባ። ካልገባ ዘግቼ ዱባይ ነው። የአክስታችን ልጅ በጉብኝት ቪዛ አስገባሻለሁ ብላኛለች።"

"ልጅሽስ?"

"ልጄማ እናቴ ጋ ናት። የት ትሄዳለች?" አለችና ፊቷን ወደ ፎቶ ኮፒው ማሽን አዞረች። እህቴ ፊቷን የምታዞረው እንባ ሲመጣባት ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ናት። ጊዜው ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድ ተከልክሏል የሚባልበት ነበር። በጉብኝት ስም ገብቶ፣ ተደብቆ፣ ፓስፖርት ተቀምቶ ሰው ቤት መሥራት ምን እንደሆነ ቡታጅራ ውስጥ ያልሰማ የለም። ፈራሁላት። ከልቤ ፈራሁላት፤ ይሄን ማንም አይነሳኝም።

በዚያው ሰሞን የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ጠራኝ። ከመቶ ሰው ስንቱ የቤት መስመር ኢንተርኔት ደንበኛ ነው የሚለውን በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል አወዳድር፣ ለማሳያ ደግሞ ወልቂጤንና ቡታጅራን ቤት ለቤት ጠይቃችሁ ጨምሩበት አለኝ። ወልቂጤን አንድ ባልደረባዬ ወሰደ፣ ቡታጅራን እኔ።

ስለ ኬንያ የሆነ ቂም ነበረኝ። ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ለስልጠና ሄጄ አንድ ኬንያዊ መምህር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ክፋት የለውም። ሦስት ቀን ሙሉ ኢንተርኔቱ እየጠፋ አላሠራ ሲለው ወደ እኔ ዞሮ "እናንተ አገር ኢሜይል የሚሄደው በግመል ነው?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ግን ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ከዚያ ወዲህ ስንጻጻፍ ቆይተን ነበርና፣ ለጥናቱ የሚሆነኝን የአገሩን ከተሞች፣ የናይሮቢን ጭምር፣ ቁጥር ላከልኝ። የሁለቱም አገር አጠቃላይ ቁጥር ከአንድ በመቶ በታች፣ ከነጥቡ በስተቀኝ የሚጀምር፣ የሚያስተዛዝብ ነገር ነበር። ሁለት ድሆች ስለ ጫማ ይከራከራሉ እንደማለት ነው። እኔ ግን መብለጥ ፈለግሁ።

ባልደረባዬ ወልቂጤን ነሐሴ ላይ፣ በዝናብ፣ በጭቃ ጨረሰው። እኔ ቡታጅራን ለመስቀል አቆየሁት። ለምን? ያው ለበዓል መሄዴ ስለማይቀር፣ እግረ መንገዴን ሥራውን ልሥራ፣ እናቴ ቤት እየበላሁ አበሉም ይትረፈኝ ብዬ ነዋ! ጉራጌ ሆኖ በመስቀል ቤት ለቤት እየዞረ የሚቆጥር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሌላ አገር የተወለደ ቢሆን አላወቀም ይባላል። እኔ ምን ሰበብ አለኝ?

ደግሞ የዚያን ዓመት አረፋና መስቀል በአንድ ሳምንት ገጠሙ። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ ከመርካቶ፣ ከአዋሳ፣ ከየንግድ ቦታው ሁሉ ወደ ቤቱ ጎረፈ። ቡታጅራ ሞላች። ባጃጅ የሚያልፍበት ጠፋ። በየግቢው መኪና ቆሟል፣ በየሳሎኑ ፍራሽ ተነጥፏል፣ በየጓሮው በሬ ወይም በግ ታስሯል። እኔ መጠይቄን በክላሰር ይዤ ከቤት ቤት እዞራለሁ። የትም ብገባ "በመጀመሪያ ብላ" ነው።

መጀመሪያ የገባሁት ጎረቤታችን ሐጂ ቤት ነበር። ሐጂ እህል ነጋዴ ናቸው፤ በልጅነቴ ጆሮዬን ቆንጥጠው ያሳደጉኝ ሰው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ!"

"ወአለይኩም ሰላም! አንተ፣ መምህር ሆነህ ደግሞ ክላሰር ይዘህ ትዞራለህ? ግብር ልትጠይቅ ነው?"

"ኧረ አይደለም፣ ጥናት ነው። ቤተሰቡ ውስጥ የኢንተርኔት የቤት መስመር አለ?"

ሐጂ ከመርካቶ የመጡትን ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ዞር ብለው አዩ። ልጆቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። "አልሐምዱሊላህ፣ አለን" አሉ ሐጂ።

እኔም "አለ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እዚህ ላይ አገራችንን ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። እኛ ዘንድ የቡታጅራው ቤትና የመርካቶው ሱቅ አንድ ቤት ነው። አንዱ እንሰቱን ይጠብቃል፣ አንዱ ይነግዳል፤ ድስቱ አንድ ነው። አባትን ቤትህ ስንት ልጅ አለ ብትለው አዲስ አበባ ያሉትን አይቀንስም። እንዴት ይቀንሳል? የሞቱ አይደሉ! ስለዚህ ሐጂ አልዋሹም። መስመሩ ያለው መርካቶ ካለው የልጆቻቸው ሱቅ ነው፣ ሱቁ ደግሞ የቤታቸው ነው። ይሄን እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ። "የት ነው ያለው?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ያቺን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ቤት ሁሉ እንደዚያው ሆነ። "አለን፣ አለን፣ ኧረ አለን!" አንዳንዱማ ሲበዛ ይበልጥ ያምርብኛል ብሎ ሁለት አለን ይላል። የመጨረሻው መጠይቅ የእናቴ ቤት ነበር። ለጨዋታ ያህል ፊቷ ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት።

"አለን" አለች እናቴ፣ ኮራ ብላ። ታላቅ ወንድማችን አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ አስገብቶ ነበር።

እህቴ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። "እንዴ! አለን? የታለ?" ብላ ብቅ አለች። "እኔ በመጥረጊያ እንጨት ሰማይ ስቧጥጥ የምውለው ሳላውቅ ነው?"

ሳቅን። እኔም እየሳቅሁ "አለ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ጉብሬ ተመልሼ ስደምረው ቁጥሩ አስደነገጠኝ። ሰፈራችን፣ ያቺ አንድ ፖርት የጠፋባት ሰፈር፣ ኬንያዊው ከላከልኝ ከተሞች ሁሉ በልጣ ቁጭ አለች። ወልቂጤ ደግሞ ባልደረባዬ በጭቃ ተመላልሶ ያመጣው እውነተኛ ቁጥር ነውና ከታች ወድቃለች። ትክክል አለመሆኑን ያኔውኑ አውቄያለሁ። አውቄያለሁ! መብራት በወጉ የማይገባበት ግቢ ብሮድባንድ አለው ብዬ እንዴት አምናለሁ? ግን ደስ አለኝ። የግመሉ ጨዋታ ትዝ አለኝና፣ ብቻዬን ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። "ከእንግዲህ በግመል ማን እንደሚሄድ እናያለን" አልኩ። እስኪ አሁን ይሄ የተማረ ሰው ነገር ነው?

ወረቀቱን ለማሳተም ጥቅምት ላይ ወደ እህቴ ክፍል ወሰድኩት፤ ሥራው ለእሷ ይሁን ብዬ። አምስት ቅጂ አተመች። ሠንጠረዡ ያለበትን ገጽ ስታወጣ ቆም ብላ አነበበችው።

"እኛ ናይሮቢን በለጥን ነው የምትለኝ?"

"ጥናቱ ነው የሚለው።"

"ጥናቱ ይበል። እኔ የምጠይቅህ አንተን ነው። ይሄ ሁሉ መስመር የገባላቸው የትኞቹ ቤቶች ናቸው? አሳየኝና ሄጄ ከአጥራቸው ልቀጥል።"

"አንቺ በዓይንሽ የምታይውን ነው የምታወሪው። ይሄ ሳይንስ ነው" አልኳት። ቃል በቃል እንዲህ አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አለች። "የኬንያን ድስት ከማማሰልህ በፊት የእኔን ብታየው።" ከዚያ ወረቀቱን አስተካክላ፣ በሰማያዊ ፕላስቲክ ሸፍና ጠረዘችልኝ። እጇ ላይ ያለቀ ሥራ ሁሉ ያምራል።

ኅዳር ላይ ወልቂጤ አዳራሽ ውስጥ አቀረብኩት። ቡታጅራ ከኬንያ ከተሞች መብለጧን የሚያሳየው ገጽ ላይ ስደርስ ሰው አጨበጨበ። ልማቱ ሠርቷል ማለት ነው፣ ማን አያጨበጭብ? ስጨርስ አንድ ባለ ኮት ሰውዬ ቀረበኝ። አዲስ የሚመጣው የመስመር ሳጥን ለየትኛው ከተማ ይቅደም የሚለውን የሚመክር ኮሚቴ ውስጥ ነኝ አለኝና ቅጂ ጠየቀኝ። ለምን እንደፈለገው ነገረኝ እኮ! በግልጽ ነገረኝ። እኔ ግን የሰማሁት "ጥናትህ ይጠቅመናል" ያለውን ብቻ ነው። ሰማያዊውን ጥራዝ በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ለገና ቡታጅራ ስገባ እህቴ ፊት ላይ የሆነ ነገር አየሁ። ምሳ ቀርቧል። ልጇ ጭኗ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ ጎመኑን በቅቤ እያሸች ነው።

"መልስ መጣልኝ" አለች እህቴ።

"የምን?"

"የመስመሩ። አዲሱ ሳጥን ወልቂጤ ሄዷል። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ 'የእናንተ ሰፈር ጠግቧል፤ ተጠንቷል' አሉኝ።" ጉርሻ ለልጇ አጎረሰችና ወደ እኔ ቀና አለች። "ያ እኔ የጠረዝኩት ወረቀት ነው እንዴ?"

አዎ ብል ምን ነበረበት? ትሰድበኝ ነበር። ትጮህብኝ ነበር። ከዚያ አብረን ሄደን እንጮህ ነበር።

"የለም፣ የለም" አልኩ። "ሌላ ይሆናል። የእኔ ለትምህርት ብቻ ነው።"

ከዚያ ጠቋሚ ጣቷን ወደ ጣሪያው አነሳች። "እንግዲያው ያን ያጠናውን ሰው እጁን ይቁረጠው!"

"አሜን" አለች እናቴ፣ ከጎመኑ ቀና ሳትል። ቀጥላ ነው "ማንን ነው?" ያለችው።

ልጅቷ ሳቀች። እኔ የያዝኩትን ጉርሻ ጎረስኩ። በውሃ አወረድኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እናቴ ፊት ለፊቴ በእፍኟ ቅቤ ይዛ ነበር።

ከገና በኋላ የሆነ ነገር ለማድረግ ሞክሬያለሁ። ሞክሬያለሁ ስል ግን ምን ያህል እንደሆነ ልናገር። ባለ ኮቱን ሰውዬ ወልቂጤ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት።

"ቁጥሩ ላይ ትንሽ ችግር ሳይኖር አይቀርም" አልኩት።

"ምን ዓይነት ችግር? ስህተት ነው?"

"ስህተት እንኳ አይባልም..."

"መምህር" አለኝ፣ በትሕትና ነው ደግሞ፣ "ስህተት ከሆነ ስህተት ነው ብለህ ጻፍልኝ። ሳጥኑ ገና አልተተከለም። በደብዳቤህ እንደገና እንዲታይ አደርጋለሁ።"

በር ከፈተልኝ ማለት ነው። እኔ ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘግቼ ሁለት ቀን ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ስህተት ነው ብል የተጨበጨበለት ወረቀት ይወድቃል፣ የደረጃ እድገቴ ይቀራል፣ ባልደረባዬ ይስቅብኛል፣ ኬንያዊውም አንድ ቀን ይሰማል። በመጨረሻ የላክሁት ደብዳቤ "ወደፊት በሚደረጉ ጥናቶች መጠነኛ ማሻሻያ ሊያስፈልግ እንደሚችል" ይላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለማንም ምንም አያደርግም። ሰውዬውም ፋይል ውስጥ አስቀመጠው፣ ምን ያድርገው? ሳጥኑም ወልቂጤ ተተከለ። ወልቂጤ ይገባታል፤ ከወልቂጤ ሰው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከራሴ ጋር ነው።

ጥምቀት ደረሰ፣ አለፈ። እህቴ ቃሏን አታጥፍም። ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ለአንድ ትምህርት ቤት ሸጠች። ዶንግሉን ከመጥረጊያው ፈትታ ለእኔ ሰጠችኝ። የካቲት ላይ ቪዛው መጣ።

ልሸኛት መጣሁ። ልጅቷ እንዳታያት ጠዋት ተኝታ ሳለ ነው የወጣችው። መናኸሪያው ውስጥ፣ የእሷ የነበረችው ክፍል ፊት ለፊት፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ ቆመን ጠበቅን። በክፍሏ ውስጥ አንድ ሰው የባጃጅ ጎማ መሸጥ ጀምሯል። አሁን እነግራታለሁ፣ አሁን እነግራታለሁ እያልኩ ሰው መሙላት ጀመረ። ረዳቱ "ግቡ፣ ግቡ!" ይላል። ቦርሳዋን አንስታ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አሳረፈች።

"ያን ቀን የረገምኩትን አንስቻለሁ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እጅህን አይንካህ። ጤና ሁን፣ ሥራበት።"

"ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"በእጄ የጠረዝኩትን ወረቀት አላውቅም? መሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር እኮ፤ ሰማያዊው። ገልብጠው አሳዩኝ።" ረዳቱ እንደገና ጮኸባት። "በገና ስጠይቅህ እንድትነግረኝ ነበር። እስከ ጥምቀት ጠበቅሁህ። መስመሩን ብቻ ስጠብቅ የነበርኩ መሰለህ?"

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ሳይደርስ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። በመስኮት እጇን አወጣችና ራሴን ዳበሰችኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው። መምህር ነኝ፣ ተማሪዎቼ የሚያዩኝ አገር ነው፤ መናኸሪያ መሃል ቆሜ አለቀስኩ።

መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። የምትሠራበት ቤት ውስጥ ኢንተርኔቱ ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ይደርሳል። "እዚህ እንኳን ሰው ፍሪጁም መስመር አለው" አለችኝ አንዴ፣ ልታስቀኝ። ለልጇ በቪዲዮ ለመደወል ግን አልሆነላትም፤ እሷ ጋ ምስሉ ጥርት ይላል፣ እኛ ጋ የልጅቷ ፊት በዶንግል ግማሹ ብቻ ይሄዳል። "ግንባሯን ብቻ አየሁት" ትላለች። ስትደውልልኝ ለመናገር ስጀምር ሁልጊዜ ታቋርጠኛለች። "ተወው፣ አንስቻለሁ ብዬሃለሁ" ትላለች። ቀስ በቀስ ከሳምንት ወደ ወር ሆነ። ያ የሳምንት፣ የወር፣ የበዓል ነገር የት እንደሚያደርስ ቤታችን ያውቃል፤ እናቴ አፍ አውጥታ አትናገረውም እንጂ ስልኩን ከአጠገቧ አታርቀውም።

ቀጣዩ መስቀል መጣ። እኔም እንደ ሁሉም ገባሁ። ወንድሜም ከነልጆቹ ከአዲስ አበባ መጥቷል። ሳሎኑ ሞልቷል፣ የእህቴ ቦታ ላይ ልጇ ተቀምጣለች። ምሳ ላይ እያለን በሩ ተንኳኳና አንዲት ወጣት ሴት ክላሰር ይዛ ገባች። ከሆነ መሥሪያ ቤት ነው የመጣችው፣ የቤተሰብ መጠይቅ።

እኔ ተነሳሁባት። "በመስቀል ማነው የላከሽ? ሰው በበዓል ይቆጠራል? ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው!" ወንድሜ በክርኑ ጎሸመኝ። መጠይቅ የያዘችው ልጅ ደንግጣ ቆመች። እናቴ "ተይው፣ አመሉ ነው፤ ነይ፣ በመጀመሪያ ብዪ" ብላ አስቀመጠቻት።

ልጅቷ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ እጇን ጠረገችና መጠየቅ ጀመረች። ስንት ክፍል ነው፣ ጣሪያው ምንድን ነው፣ ውሃ ከየት ነው። እናቴ በትዕግሥት ትመልሳለች። ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች።

"ቤተሰቡ ውስጥ የኢንተርኔት የቤት መስመር አለ?"

"አለን" አለች እናቴ ወዲያው። አንገቷ ቀና አለ። "ያውም ጥሩው ነው ያለን። ልጄ ጋ፣ ዱባይ፣ እስከ ማድ ቤት ድረስ ይመጣል።"

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ወደ ወረቀቱ አወረደች። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሰው ድምፅ መሰለኝ፦ "ቆይ። እንደዚያ ብለሽ እንዳትጽፊ። 'የለም' በይ።"

"እንዴት የለም?" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ የሚጠይቁት እዚህ ቤት ውስጥ ስላለው ነው። እዚህ የለንም። ዱባይ ያለው የእኛ አይደለም።"

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። "ልጄ ያለችበት ቤት ነዋ" አለች ቀስ ብላ። "አሁን ደግሞ እሷን ከቤቴ ልትሰርዛት ነው?"

የእህቴ ልጅ ማኘኳን አቁማ አንዴ እኔን፣ አንዴ አያቷን ታያለች። መጠይቅ የያዘችው ልጅ እስክሪብቶዋን በሁለቱ ቦታዎች መካከል ይዛ ትጠብቃለች፤ ፊቷ ሊያለቅስ የደረሰ ይመስላል። ዝም ብል እናቴ ትደሰታለች፣ በዓሉም ይቀጥላል። ይሄን ሁሉ አሰብኩት።

"የለም ብለሽ ጻፊ" አልኳት።

ልጅቷ "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እናቴ ከፊቷ ያለውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ተነሳችና ስልኳን ይዛ ጓዳ ገባች።